ሉዊ ፓስተርና እርሾ

እርሾ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የዳቦ ሊጥ ወይም የጠላ ጋን ነው። ይሁን እንጂ እርሾ በፋብሪካም ከፍ ያለ አገልግሎት ይሰጣል። ተፈጥሮውን መርምረው ካስረዱት ሊቃውንት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው።

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ በዶል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ በማልፋት ይተዳደር ነበር። ልጁ በፓሪስ ከተማረ በኋላ በ1854 በሊል ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ።

በ1856 የአንድ ተማሪው አባት ችግሩን ይዞ ወደ ፓስተር መጣ። ሰውየው ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ ፋብሪካ ነበረው። አንዳንዱ በርሜል መልካም አልኮል ሲሰጥ፣ ሌላው እየኮመጠጠ ይበላሽበት ነበር። ፓስተር ከየበርሜሉ ናሙና እየወሰደ በማይክሮስኮፕ መረመረ። በደኅናው ፈሳሽ ውስጥ ክብ ክብ የእርሾ ሕዋሳት አየ፤ በተበላሸው ውስጥ ግን ከእርሾ እጅግ የሚያንሱ፣ ዘንግ መሰል ሕዋሳት አገኘ። የጥፋቱም ምንጭ እነዚሁ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ስመ ጥሩው ጀርመናዊ ኬሚስት ሊቢግ መብላላት የኬሚካል መፈራረስ እንጂ የሕይወት ሥራ አይደለም ብሎ ያስተምር ነበር። ፓስተር ግን በሊቁ ዝና ሳይበገር ሙከራውን ቀጠለ። በ1860 ባሳተመው ጽሑፍም ስኳሩ አልኮል የሚሆነው እርሾው በሕይወት ሲሠራ መሆኑን አስረዳ፤ ከአልኮሉ ጋር ግሊሰሪን እንደሚገኝም ገለጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ለፈንጂ መሥሪያ የሚሆን ግሊሰሪን በእርሾ አማካይነት በብዛት አምርተዋል።

በ1868 የፓስተር ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። እርሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ በ1885 የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ በሥራ አዋለ። በ1895 ዐረፈ። ከ2 ዓመት በኋላ ኤድዋርድ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ ከተፈጨ እርሾ የተጨመቀ ፈሳሽ ያለ ሕያው ሕዋስ ስኳርን እንደሚያብላላ አሳየ። ስለዚህ ሊቢግም ፈጽሞ አልተሳሳተም ነበር።

ዛሬ እርሾ ለመኪና ነዳጅ የሚሆን አልኮልና ለስኳር ሕሙማን የሚሰጥ ኢንሱሊን ይመረትበታል። ከ1986 ጀምሮም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በእርሾ አማካይነት ተሠርቶ ለሕዝብ መሰጠት ጀምሯል። እነሆ ፓስተር ዕድሜውን የሠዋላቸው ሁለት ነገሮች፣ እርሾና ክትባት፣ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ተገናኙ።

መልመጃ

1. የፋብሪካው አልኮል የሚበላሸው ለምን ነበር?
2. ፓስተርና ሊቢግ በምን ተለያዩ? የቡክነር ሙከራስ ምን አሳየ?
3. ስሕተት መስሎ የታየ አሳብ ከፊሉ እውነት ሆኖ ስለ መገኘቱ አንድ አንቀጽ ጻፉ።