ዶክተር በርንሃርድ ግርዚሜክ፦ የሴሬንጌቲን መንጋ ከሰማይ የቆጠሩት አባት

በሜዳ የተበተነ አውሬ እንዴት ይቆጠራል? ጀርመናዊው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ግርዚሜክ ከልጃቸው ሚካኤል ጋር አውሮፕላን ማብረር ተማሩ። አውሮፕላኗን እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ቀብተው እ.ኤ.አ. በ1958 ሴሬንጌቲ፣ የዛሬዋ ታንዛንያ ገቡ። ሜዳውን ከፋፍለው፣ ዝቅ ብለው እየበረሩ ከ366 ሺህ በላይ ትልልቅ እንስሳት ቆጠሩ።

ያመለጣቸው የለም ወይ? መኖሩማ አይቀርም፤ መንጋ ሲደባለቅ ዓይን ይስታል። ለዚህም ነው ዛሬ ባለሙያዎች በፎቶ የተወሰነ መስመር ቆጥረው የቀረውን በስሌት የሚገምቱት። ለእኛ ግን ከቁጥሩ በላይ ትልቁ ነገር፣ መንጋው ለፓርኩ ከታሰበው ድንበር ውጪ እንደሚሰደድ ማሳየታቸው ነው።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1959 የሚካኤል አውሮፕላን ከጥንብ አንሳ ጋር ተጋጭታ ወደቀች። ገና 24 ዓመቱ ነበር። አባት የጀመሩትን ፊልም ጨረሱት፤ ኦስካርም አገኘ። በ1987 ሲያርፉ አመዳቸው ንጎሮንጎሮ፣ ከልጃቸው ጎን ተቀበረ።