የጅማው ልጅና የአክራው ፎርፌ

ዳኛ በደለን ብሎ ሜዳ ጥሎ የሚወጣ ቡድን ምን ይደረግ? ይህ ጥያቄ መጋቢት 7 ቀን 1970 ዓ.ም. አክራ ላይ የአፍሪካን እግር ኳስ ፈትኖት ነበር። ያኔ ካፍን የሚመሩት ደግሞ የኛው ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። ያቺ ቡና የሚሸታት፣ ዛሬ የቦሳ ኪቶ ልጆች ኳስ የሚያሯሩጡባት ከተማ ማለት ነው። አባታቸው በግጥምና በዜማ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የልጅየው ልብ ግን ኳስ ላይ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ለብሰው ከ20 ዓመት በላይ ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡም ይነገርላቸዋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የስፖርት ደንቦችን ወደ አማርኛ ከመለሱት ውስጥ ዋናው እሳቸው ናቸው። ሕግ ማክበርን ከሜዳም ከወረቀትም ተምረውታል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ካፍ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በ1962 ደግሞ አሠልጣኝ ሆነው አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተው የአፍሪካን ዋንጫ አስቀሩ። በ1972 የካፍ ፕሬዝዳንትነትን ወንበር ያዙ።

ወደ አክራው ጨዋታ እንመለስ። በ1978ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ቱኒዝያና ናይጄሪያ ለሦስተኛ ደረጃ ተገናኙ። ሁለቱ ቂም ነበራቸው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ቱኒዝያ ሌጎስ ድረስ ሄዳ 1 ለ 0 በማሸነፍ የናይጄሪያን የዓለም ዋንጫ ሕልም አጨልማለች። አክራ ላይም ቱኒዝያ ቀድማ አገባች። በ42ኛው ደቂቃ ናይጄሪያ አቻ ስትሆን ግን ነገሩ ተበላሸ። ቱኒዝያዎች ዳኝነቱን ተቃውመው ሜዳውን ጥለው ወጡ፤ አልተመለሱም።

በዚያ ዘመን ምስል ወደ ኋላ መልሶ የሚያይ ዳኛ የለም። ዳኛው ያየው አለቀ ደቀቀ ነው። ተበደልን የሚለው ሁሉ ሜዳ ጥሎ ቢወጣ ውድድር የሚባል ነገር አይኖርም። በይድነቃቸው የሚመራው ካፍ ጨዋታውን 2 ለ 0 በፎርፌ ለናይጄሪያ ሰጠ፤ ቱኒዝያም ከ1980ው ዋንጫ ውጪ ሆነች። ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። ያው ቡድን ወዲያው በሰኔ ወር አርጀንቲና ላይ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፎ በዓለም ዋንጫ ጨዋታ ያሸነፈ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሆኗል። አህጉሩ እንዲህ የሚኮራበትን ቡድን ቀጥቶ በራሱ ዋንጫ ላይ አጣው፤ ደንቡ ግን ጸና።

ደንብ ለይድነቃቸው ለደካማ ብቻ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ለአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ በር እንደተዘጋ እንዲቆይ እስከ መጨረሻው ታግለዋል። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉም ገና የካፍ ፕሬዝዳንት ነበሩ።

የትውልድ ከተማቸው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ቀጥሎም በካፍ ቻምፒየንስ ሊግ አዲስ አበባ ላይ ታላቁን አል አህሊን 1 ለ 0 አሸነፈ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ስለነበር በድምር ከውድድሩ ወጣ። የወጣው ግን 90 ደቂቃውን ተጫውቶ ጨርሶ ነው።