ሬቸል ካርሰን፡ የወፎችን ዝምታ ሰምታ ዓለምን ያስጠነቀቀችው ሳይንቲስት

በአውሮፓውያኑ 1958 ጥር ወር በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት የምትኖር ኦልጋ ኦወንስ ሃኪንስ የተባለች ሴት በቁጣ የተሞላ ደብዳቤ ለአንድ የቦስተን ጋዜጣ ጻፈች። ባለፈው በጋ ትንኝ ለማጥፋት ከአውሮፕላን ዲዲቲ ተረጭቶ ነበር። በግቢዋ ይዘምሩ የነበሩ ወፎችም ሞተው ተገኙ። ሃኪንስ የደብዳቤውን ቅጂ ሬቸል ካርሰን ለተባለች ደራሲ ወዳጇ ላከችላት።

በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በወባ ወረርሽኝ ተመታች። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 የሚሆኑት እንደሞቱ ይገመታል። ከዚህ እልቂት በኋላ በተጠናከረው ወባን የማጥፋት ዘመቻ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ያው ዲዲቲ የብዙዎች ተስፋ ሆነ።

አንዱ ኬሚካል በአንድ ስፍራ ሕይወት አዳኝ፣ በሌላው ሕይወት ቀጣፊ ነበር። ካርሰን የቀሩትን ጥቂት የዕድሜዋን ዓመታት የሰጠችው ይህን እውነት ለመመርመር ነው።

ከወንዝ ዳር እስከ ባሕር

ሬቸል ሉዊዝ ካርሰን በግንቦት ወር 1907 በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በአለጌኒ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው ስፕሪንግዴል ተወለደች። ከሦስት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። ቤተሰቡ ሰፊ መሬት ቢኖረውም ገንዘብ አልነበረውም። እናቷ ማሪያ ግን ልጇን በጫካና በማሳ መካከል ይዛ እየዞረች የወፎችን ድምፅና የነፍሳትን ኑሮ ታስተምራት ነበር።

ትንሿ ሬቸል ገና በልጅነቷ መጻፍ ጀመረች። በ1918 ለሕጻናት በሚታተም ታዋቂ መጽሔት ላይ ታሪኳ ሲወጣላት ዕድሜዋ 11 ዓመት ነበር። ኮሌጅ የገባችውም የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት ነው። ነገር ግን አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት ትኩረቷን ወደ ሳይንስ ሳበችው። ካርሰን የትምህርት ዘርፏን ቀየረች፤ በ1932ም ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት የማስተርስ ዲግሪዋን ተቀበለች።

ከዚያ በላይ እንድትማር ኑሮ አልፈቀደላትም። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። በ1935 አባቷ በድንገት ሞቱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እህቷም ሁለት ሴት ልጆቿን ትታ አረፈች። እናቷንና የእህቷን ልጆች የማኖር ኃላፊነት በካርሰን ትከሻ ላይ ወደቀ።

በ1936 በአሜሪካ የዓሣ ሀብት ቢሮ በባለሙያነት ተቀጠረች። በዚያ መሥሪያ ቤት እንዲህ ባለው የሙያ መደብ በቋሚነት ከተቀጠሩ ሴቶች ሁለተኛዋ ነበረች። ቀን የመንግሥትን ሪፖርቶች ታዘጋጃለች፤ ሌሊት ስለ ባሕር ትጽፋለች። በ1951 የታተመው ስለ ባሕር የሚተርከው ሁለተኛ መጽሐፏ በኒው ዮርክ ታይምስ የምርጥ ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 86 ሳምንታት ቆየ፤ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማትም አስገኘላት። በቀጣዩ ዓመት የመንግሥት ሥራዋን ለቅቃ ሙሉ ጊዜዋን ለድርሰት ሰጠች።

ተአምረኛው ዱቄት

ዲዲቲ በላቦራቶሪ የተፈጠረው በ1874 ቢሆንም ነፍሳትን የመግደል ኃይሉ የታወቀው በ1939 ነው። ይህን ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተስቦን ቅማልና የወባን ትንኝ ለማጥፋት የዋለው ይህ ኬሚካል ሙለርን በ1948 ለኖቤል ሽልማት አበቃው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዲዲቲ ከጦር ሰፈር ወደ እርሻ፣ ወደ ጫካ እና ወደ መኖሪያ ሰፈር ገባ። ርካሽ ነው፤ ቶሎ አይበከትም፤ ሰው ላይ ወዲያው የሚታይ ጉዳት አያደርስም። አውሮፕላኖች በመንደሮች ላይ ሳይቀር ይረጩት ጀመር። ካርሰን ገና በ1945 ስለ ኬሚካሉ የተፈጥሮ ጉዳት ለመጻፍ ለአንድ መጽሔት ሐሳብ አቅርባ የነበረ ቢሆንም ተቀባይነት አላገኘችም።

ከ13 ዓመታት በኋላ የሃኪንስ ደብዳቤ ሲደርሳት ካርሰን ጉዳዩን ለሌላ ሰው ለማሳለፍ ሞክራ ነበር። የሚጽፈው ሰው ስታጣ ግን ራሷ ያዘችው። በአጭር ጊዜ ያልቃል ያለችው ሥራ ከአራት ዓመታት በላይ ወሰደባት።

ከቅጠል ወደ ትል፣ ከትል ወደ ወፍ

ካርሰን ከሰበሰበቻቸው ማስረጃዎች መካከል ጎልቶ የወጣው በሚሺጋን ግዛት ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ የደረሰው ነው። በግቢው የነበሩት ኤልም የተባሉ ትልልቅ ዛፎች በጢንዚዛ በሚዛመት የፈንገስ በሽታ ስለተጠቁ፣ ከ1954 ጀምሮ ዲዲቲ ይረጭባቸው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተለየ ነገር አልታየም። ችግሩ የመጣው በቀጣዩ ጸደይ ነው።

ሮቢን የምትባለው ደረተ ቀይ ዘማሪ ወፍ ከክረምት መሸሸጊያዋ ስትመለስ በግቢው ሣር ላይ እየተንቀጠቀጠች መውደቅ ጀመረች። የወፎች ተመራማሪው ጆርጅ ዋላስ መጀመሪያ የነርቭ በሽታ መስሎት ነበር። ወፎቹ ግን ተመርዘው ነበር። አስገራሚው ነገር መርዙ በቀጥታ አልተረጨባቸውም።

መርዙ የተጓዘው በምግብ ሰንሰለት ነው። በዛፉ ቅጠል ላይ የተረጨው ዲዲቲ ዝናብ በቀላሉ የሚያጥበው አልነበረም። ቅጠሉ በመጸው ሲረግፍ የአፈር ትሎች በሉት። መርዙ በትሎቹ ሰውነት ተከማቸ። ጸደይ ሲመጣ ሮቢኖቹ ትሎቹን ለቀሙ። አንዲትን ሮቢን ለመግደል የሚበቃው መጠን በ11 ትላልቅ ትሎች ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ይህን ያህል ትል ደግሞ ለወፏ የጥቂት ደቂቃዎች ምግብ ነው።

ከሞት የተረፉትም ጎጆ ሠርተው እንቁላል ሳይጥሉ ወይም ጥለው ሳይፈለፍሉ የሚቀሩበት ጊዜ ነበር። ዲዲቲ በመራቢያ አካሎቻቸው ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ ጉዳቱ በአንድ ቀን በሚቆጠር ሬሳ ብቻ የሚለካ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የሚዘምር ትውልድ ሳይወለድ ቀርቷል።

ካርሰን የተረዳችው ዋና ነገር ይህ ነው፤ መርዝ በተረጨበት ቦታ አይቀርም። ውኃውን፣ አፈሩን፣ ትሉን፣ ዓሣውን እና ወፉን ተከትሎ ይጓዛል። በስብ ውስጥ ስለሚጠራቀምም በሰንሰለቱ ላይ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። በዚያ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ደግሞ ሰውም አለ።

ከሕመም ጋር የተደረገ ሩጫ

መጽሐፉ የተጻፈው በመከራ ውስጥ ነበር። በ1957 የእህቷ ልጅ ስትሞት ካርሰን የሟቿን የአምስት ዓመት ልጅ ሮጀርን በጉዲፈቻ ወሰደች። በ1958 መጨረሻ እናቷን አጣች። በ1960 ደግሞ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሕመሙ ግን በዚያ አልቆመም።

ካርሰን ሕመሟን ከሕዝብ ደበቀች። የምትጽፈው ካንሰርን ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ኬሚካሎች ጭምር በመሆኑ፣ ተቃዋሚዎቿ ሥራዋን የአንዲት ታማሚ ሴት ብሶት አድርገው እንዳያጣጥሉት ሰግታ ነበር።

ጽሑፉ በሰኔ 1962 በኒው ዮርከር መጽሔት በተከታታይ ወጣ። በመስከረም ወር «ዝምተኛው ጸደይ» የሚል ትርጉም ባለው ርዕስ በመጽሐፍ ታተመ። ርዕሱ የወፎች ዜማ የማይሰማበትን ጸደይ የሚያመለክት ነው።

የኬሚካል ኢንዱስትሪው ምላሽ ብርቱ ነበር። አንድ አምራች በአሳታሚዋ ላይ ክስ እንደሚመሠርት አስጠነቀቀ። ሌሎች እርሷን ለማጥላላት ብዙ ገንዘብ አወጡ። የዶክትሬት ዲግሪ እንደሌላት፣ ያላገባች ሴት እንደሆነች፣ ኮሙኒስትም ልትሆን እንደምትችል ተወራ። ምክሯ ከተሰማ ዓለም በተባይና በረሃብ እንደምትጠፋ የተነበዩም ነበሩ።

ካርሰን ግን ጸረ-ተባይ ኬሚካሎች ፈጽሞ እንዳይሠራባቸው አልጠየቀችም። የተቃወመችው ጉዳታቸው ሳይጠና፣ ያለ መጠንና ያለ ልዩነት መረጨታቸውን ነው። ሕዝብ በላዩ የሚረጭበትን ነገር የማወቅ መብት እንዳለው ተከራከረች። ከዚህም በላይ፣ ብዙ በተረጨ ቁጥር ነፍሳቱ መርዙን እየተላመዱ እንደሚሄዱና መድኃኒቱ ለበሽታ መከላከያ በሚፈለግበት ሰዓት አቅም እንደሚያጣ አስጠንቅቃለች።

ፕሬዝዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጉዳዩ እንዲጠና አደረጉ። የሳይንስ አማካሪዎቻቸው ኮሚቴ በግንቦት 1963 ያወጣው ሪፖርት በአመዛኙ ካርሰንን የሚደግፍ ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ምስክርነቷን ስትሰጥ፣ ካንሰሩ ወደ አጥንቷ ዘልቆ እንደነበር ከአዳራሹ ታዳሚዎች የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሬቸል ካርሰን በሚያዝያ 1964 ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቷ አረፈች። ዕድሜዋ 56 ነበር። አሜሪካ ዲዲቲን ለእርሻ እንዳይውል ያገደችው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው።

ከኦስሎ እስከ ስምጥ ሸለቆ

መጽሐፉ ባሕር ተሻግሮ ወደ ስካንዲኔቪያም ደረሰ። አመሩድን የመሳሰሉ የኦስሎ ዳርቻ ሰፈሮች በጫካ ጥግ ላይ በሚገነቡበት በዚያ አሥር ዓመት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር የነበረው አርነ ኔስ የካርሰንን ሥራ አነበበ። ኔስ በኋላ «ጥልቅ ሥነ ምኅዳር» ብሎ ለሰየመው አስተሳሰብ መነሻ ያደረገው የእርሷን መጽሐፍ ነው። ተፈጥሮ ለሰው ከምትሰጠው ጥቅም ውጭ የራሷ ክብር እንዳላት የሚያስተምረው ይህ ፍልስፍና በኖርዌይ የአካባቢ ጥበቃ ንቅናቄ ላይ አሻራውን አኑሯል። በ1991 ደግሞ በኖርዌይዋ ስታቫንገር ከተማ በካርሰን ስም ዓለም አቀፍ ሽልማት ተመሠረተ፤ ለአካባቢ ጥበቃ ለሚታገሉ ሴቶች ይሰጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ታሪኩ ሌላ መልክ ነበረው። ዲዲቲ ለአሥርታት በወባማ አካባቢዎች ቤት ውስጥ ሲረጭ ብዙ ሕይወት አትርፏል። በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን ከእርሻ ቢያግድም፣ ኢትዮጵያን ለመሳሰሉ አገሮች ለበሽታ መከላከያ እንዲውል በር የከፈተው ለዚህ ነው።

ሆኖም ለወባ የመጣው ኬሚካል በግድግዳ ላይ ብቻ አልቀረም። ሾልኮ ወጥቶ በአትክልትና በጫት ማሳዎች ላይ ተረጭቷል። ትንኞቹም ተላመዱት። ኢትዮጵያ በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ዲዲቲን በሌሎች ኬሚካሎች ወደ መተካት የተሸጋገረችው ቀድሞ የነበረው የመግደል አቅሙ በመዳከሙ ነው። ካርሰን ያስጠነቀቀችው ይህንኑ ነበር።

የምግብ ሰንሰለቱ ሕግም በኢትዮጵያ ሐይቆች አልተለወጠም። ከኦስሎ በስተደቡብ ኦስ ከተማ የሚገኘው የኖርዌይ የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር በቆቃና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሦች ላይ ያካሄዳቸው ጥናቶች የዲዲቲን ቅሪት አግኝተዋል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ዓሣ በሚመገቡ ወፎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም በጉበታቸው ውስጥ ያንኑ ቅሪት አሳይቷል።

የኢትዮጵያ ገበሬ ከወፍ ጋር ያለው ጉዳይ ደግሞ ከሮቢን ታሪክ ይከብዳል። ግሪሳ የተባለችው ወፍ በመንጋ መጥታ የደረሰ ማሽላ በጥቂት ቀናት ልታወድም ትችላለች። ለዚህም ማደሪያዋ እየተፈለገ ፌንቲዮን የተባለ ኬሚካል ከአውሮፕላን ይረጫል። የሚሞተው ግን ግሪሳ ብቻ አይደለም። አብረዋት የሚያድሩ ሌሎች ወፎች፣ የተመረዘችዋን ግሪሳ የሚበሉ ጭልፊቶችና አሞሮችም ይጎዳሉ። ሰብሉን ያጣ ገበሬ ልጆቹን የሚያበላው የለውም፤ ያለ ልዩነት የሚረጨውም መርዝ የነገውን የተፈጥሮ ሚዛን ያዛባል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

በአማርኛ ሰብል ላይ የሚረጨውም፣ ሐኪም የሚያዘውም «መድኃኒት» ይባላል። ካርሰን በበኩሏ እነዚህ ኬሚካሎች ነፍሳት ገዳይ ከሚባሉ ይልቅ ሕይወት ገዳይ ቢባሉ ይሻላል ብላ ታምን ነበር። የሐኪም መድኃኒት ልኩ፣ ሰዓቱና የሚሰጥለት ሕመም ተለይቶ ይታዘዛል፤ ጉዳቱም ለታማሚው ይነገረዋል። ካርሰን እየሞተች እንኳ የተሟገተችው በማሳና በጫካ ላይ ለሚረጨውም ተመሳሳይ ጥንቃቄ እንዲደረግ ነው።