የመምህራን ጠባቂ፦ ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላ ሳል

በዚህ ዕትማችን ሕይወቱን የምናስበው ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላ ሳል እ.ኤ.አ. በ1651 በፈረንሳይ አገር፣ በሬምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። በ1678 ማዕርገ ክህነት ተቀበለ። በዘመኑ ብዙዎቹ የድኾች ልጆች ፊደል ሳይቈጥሩ ያድጉ ነበር። እርሱም ያስተማሯቸው ዘንድ የሰበሰባቸውን መምህራን በ1681 ወደ ገዛ ቤቱ ሲያስገባ ዘመዶቹ ተቈጡበት። በ1683 የካቴድራሉን ሹመት ተወ፤ ወዲያው በተነሣውም ረኀብ ሀብቱን በዳቦ ለድኾች አከፋፈለ። የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች ማኅበርም በእርሱ ተመሠረተ።

ሕፃናት ንባብን የማያውቁት በሆነው በላቲን ቋንቋ መጀመራቸው ልማድ ነበር። እርሱ ግን በሚናገሩት በፈረንሳይኛ አስጀመራቸው። ጽሕፈትን፣ ሒሳብን፣ ትምህርተ ክርስቶስንና ጨዋነትንም ይማሩ ነበር። በክፍል ውስጥ ቁርስ ሲበሉ ያለው ለሌለው ያካፍል ነበር። ደወል ሲሰማም ሁሉም ሥራውን አቁሞ እግዚአብሔር በመካከላቸው መኖሩን ያስብ ነበር። ትምህርቱ ያለ ክፍያ በመሆኑ ጥቅማቸው የተነካባቸው የጽሕፈት መምህራን በፍርድ ቤት ከሰሱት፤ እርሱ ግን ሥራውን አልተወም።

በ1719 በዕለተ ስቅለት በሩዋን ከተማ ዐረፈ። በ1900 ቅድስናው ታወጀ፤ በ1950 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ አድርገው ሰየሙት።

ሕፃን ትርጒሙን ያልተረዳውን መልስ በቃሉ ቢወጣው አምኗል ማለት አይደለም። ስለዚህ ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሁላችን ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ እንጀምር፤ እንጀራ መካፈልንም ከጸሎት ጋር እናስተምራቸው።