ስለ ዕለት ዕለት ጸሎት፤ የጊዮርጊስ ሙለር ሕይወት

አንባቢ ሆይ፥ ማለዳ ተነሥተህ ለጸሎት በተንበረከክህ ጊዜ አሳብህ ወደ ገበያና ወደ ጽሕፈት ቤት፥ ወደ ትምህርትህና ወደ ትናንትናው ጠብ እየሸሸ አስቸግሮህ ያውቃልን? አፍህ ዳዊቱን ሲደግም ልብህ ግን ሌላ አገር ሄዶ አግኝተኸው ታውቃለህን? በዚህም ምክንያት ጸሎት የመነኮሳትና የቅዱሳን ነገር እንጂ እንደ እኔ ያለ የከተማ ሰው ሥራ አይደለም ብለህ ተስፋ ቈርጠህ እንደ ሆነ፥ የጊዮርጊስ ሙለርን ሕይወት ትሰማ ዘንድ እለምንሃለሁ። ይህ ሰው በጸሎቱ በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እርሱም እንደ አንተ በማለዳ ጸሎቱ አሳቡ እየባዘነ ብዙ ዓመት ተቸግሮ ነበር።

ሙለር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1805 ዓመት በጀርመን አገር በፕሩስያ መንግሥት ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ ነበረ፤ ልጁም ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ለአባቱ በዐደራ ከተሰጠው ገንዘብ ይሰርቅ ነበር። እናቱ በምትሞትባት ሌሊት እርሱ የ14 ዓመት ልጅ ሲሆን መታመሟን እንኳ ሳያውቅ ካርታ ሲጫወት አመሸ፤ በማግሥቱም ሰክሮ በመንገድ ይዞር ነበር። 16 ዓመት በሆነው ጊዜ ደግሞ በእንግዳ ማረፊያ ቤት ተቀምጦ የበላበትን ሳይከፍል በመቅረቱ ተይዞ ታሰረ።

አባቱ ግን ቄስ ሆኖ በደኅና እንዲኖር ይመኝ ነበርና፥ በ1825 ሐለ በምትባል ከተማ ወደ ከፍተኛው ትምህርት ቤት ገብቶ የሃይማኖት ትምህርት ይማር ጀመር። በዚያን ጊዜ 300 የሚያህሉ መጻሕፍት ነበሩት፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አልነበረውም። አንተ ተማሪ ሆይ፥ ይህን ልብ አድርግ፤ ሰው ስለ እግዚአብሔር ብዙ ተምሮ ከእግዚአብሔር ጋር ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይነጋገር ሊኖር ይችላል።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፥ አንድ ቅዳሜ ማታ፥ ጓደኛው ጥቂት ምእመናን ወደሚሰበሰቡበት ወደ አንድ ነጋዴ ቤት ወሰደው። ከተሰበሰቡት አንዱ ተንበርክኮ ጸለየ። ሙለር እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ አላየም፤ እርሱም ራሱ ተንበርክኮ አልጸለየም ነበር። በኋላም የቤቱ ጌታ በጸለየ ጊዜ፥ በትምህርት ከዚያ ነጋዴ እጅግ የሚበልጥ ሲሆን በጸሎት ግን እንደሚያንሰው በልቡ ተረዳ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሕይወቱ ተለወጠ።

በ1829 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ በ1832ም በብሪስቶል ከተማ የወንጌል ሰባኪ ሆነ። በዚያ ከተማ ብዙ ድኻ አደጎች ተጥለው አይቶ ቤት ሊሠራላቸው አሰበ። ስለ ገንዘቡ፥ ስለ ቤቱና ስለ ሠራተኞቹ አስቀድሞ ጸለየ፤ ሁሉንም አገኘ። ነገር ግን ልጆቹን ለመመዝገብ በተቈረጠው ቀን፥ በየካቲት ወር 1836፥ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ሲጠብቅ አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። ያን ጊዜ ልጆቹ ያለ ጥርጥር ይመጣሉ ብሎ ስለ እነርሱ ከቶ እንዳልጸለየ አስታወሰ። በዚያው ማታ በግንባሩ ተደፍቶ ጸለየ፤ በማግሥቱም የመጀመሪያው ልመና ደረሰው። እኛም ወዳጄ ሆይ፥ የሚያስጨንቀንን ነገር ለእግዚአብሔር እንነግራለን፤ የታወቀ ነው የምንለውን ግን እንተዋለን። የዕለት ጸሎት የሚያስፈልገን ስለዚህ ደግሞ ነው።

አሁን ወደ ጀመርሁት ነገር እመለሳለሁ። ሙለር ብዙ ዓመት ልማዱ እንዲህ ነበረ፤ ማለዳ ተነሥቶ ልብሱን እንደ ለበሰ ወዲያው ይጸልይ ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሩብ ሰዓት ወይም እኩል ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰዓት ያህል በጕልበቱ ቆይቶ፥ አሳቡ ገና ሳይሰበሰብለት ይቀር ነበር። በ1841 ግን የጐደለውን አገኘ። ነፍሱ ሳትበላ ሥራ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበረና፥ ከዚያ ወዲያ አስቀድሞ መገባት። በአጭር ቃል የእግዚአብሔርን በረከት ይለምንና አዲስ ኪዳንን ገልጦ ከመጀመሪያው እያከታተለ፥ ለስብከት ሳይሆን ለራሱ ነፍስ፥ ቃል በቃል እያሰበ ያነብ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ያነበበው ቃል ወደ ንስሐ፥ ወይም ወደ ምስጋና፥ ወይም ስለ ሌሎች ወደ መለመን ይመራው ነበር። ብዙ ጊዜም መጽሐፉን ይዞ በሜዳ እየተመላለሰ እንዲህ ያደርግ ነበር።

ይህንም ልማድ ከጸሎት ትዕግሥት ጋር አጣመረው። በ1844 ያላመኑ አምስት ሰዎችን መርጦ ስለ እነርሱ ይጸልይ ጀመር፤ ቢታመምም ቢድንም፥ በባሕርም በየብስም አንድ ቀን አላቋረጠም። አንዱ ከዓመት ተኩል በኋላ አመነ፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ቆየ፤ ሦስተኛው ደግሞ ስድስት ዓመት። ሁለቱ ግን 36 ዓመት ካለፈ በኋላ ገና አላመኑም ነበር፤ እርሱም ገና ይጸልይላቸው ነበር። አንተ ግን ስለ ልጅህ ወይም ስለ ወንድምህ ስንት ሳምንት ጸልየህ ተውህ?

እንዲህ የሚጸልይ ሰው ሥራ የሚፈታ አይምሰልህ። ሙለር ገንዘብ ስጡኝ ብሎ ማንንም አልለመነም፤ ነገር ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የተሰጠውን ሳንቲም ሁሉ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ከ1849 እስከ 1870 ድረስ አሽሊ ዳውን በሚባል ኰረብታ ላይ ከ2,000 በላይ ልጆችን የሚይዙ አምስት ታላላቅ ቤቶች ተሠሩ። እርሱ እስከ ሞተ ድረስም በእነዚያ ቤቶች 10,000 የሚያህሉ ድኻ አደጎች አደጉ። በመጋቢት 1898፥ ዕድሜው 92 ዓመት ሲሆን፥ አንድ ረቡዕ ማታ ከማኅበሩ ጋር ጸለየ፤ በማግሥቱ ማለዳ በመኝታው አጠገብ ሞቶ ተገኘ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ አሳቤ ይባዝናል ብለህ ጸሎትን አትተው፤ ነፍስህ ተርባ እንደ ሆነች ዕወቅ። ጌታችን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ እንደ ጸለየ አስብ። የሥራ ደወል ሳይደወል፥ ሰው ሳይጠራህ፥ አንዲት ሰዓት ለይ፤ ሩብ ሰዓት ብትሆንም ትበቃለች። ከወንጌል ጥቂት ቃል አንብብ፤ ለመጨረስ አትቸኵል፤ ቃሉ ልብህን በነካው ስፍራ ላይ ቆመህ ያንኑ ወደ ጸሎት መልስ። የምትጸልይላቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ጻፍ። አንድ ቀን ብትወድቅና ብታስታጕል በማግሥቱ ዳግመኛ ጀምር፤ ሰነፍህ ተብለህ ከአባትህ ፊት አትባረርምና። ያን ሌባና ሰካራም ልጅ በነጋዴው ቤት የተቀበለው አምላክ አንተንም ነገ ማለዳ ይጠብቅሃል። አሜን።