ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመጀመሪያው ሸክላ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። በልጅነታቸው ዘመን የምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ተሰማ የአሥር ዓመት ልጅ በነበሩበት ጊዜ ግን ከተራራው ግርጌ፣ በፍል ውሃው አካባቢ፣ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ተሰማ ካደጉ በኋላ በዚህችው ከተማ፣ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ፣ በግጥም ችሎታቸውና በንግግራቸው ለዛ እየታወቁ ሄዱ።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱም ለአዳዲስ የሥልጣኔ መሣሪያዎች ብርቱ ፍቅር ስለ ነበራቸው፣ የአውቶሞቢል መንዳትንና የጥገናን ሙያ እንዲማሩ ተሰማን ወደ ጀርመን አገር ላኩ። ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተዋዋሉ ገና ሦስት ዓመት ያህል ሆኖ ነበር።

ተሰማ በጀርመን አገር ሳሉ ከአውቶሞቢል ሌላ አንድ መሣሪያ አጋጠማቸው። ይህም ድምፅን በሸክላ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን ለዚህ ሥራ ገና አልዋለም ነበር። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሰል መለከት ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁ ንዝረት መርፌውን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌውም በሚዞረው ሰም ላይ መስመር ይቀርጻል። የአንዱ ሸክላ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ በግብር አዳራሽ እንደ አድማጩ ስሜት ሊረዝም የሚችለው ዘፈን፣ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ተመጥኖ ማለቅ ነበረበት።

በአገር ቤት ዘፈን የአዝማሪ ሥራ ነው እየተባለ ይናቅ ነበር። ለቤተ መንግሥት ሰው ማሲንቆ ይዞ መዝፈን ክብርን የሚቀንስ ነገር ይመስል ነበር። ተሰማ ግን ይህን አልፈሩም። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፣ በማሲንቆ ታጅበው ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በዚህም የኢትዮጵያ የሸክላ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅ ሆኑ። መሣሪያው የባዕድ ቢሆንም ዜማውና ግጥሙ የአገራቸው ነበር።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከልጅ ኢያሱ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት መሠረቱ፤ የነጋዴዎችና የቀረጥ ሹም ማለት የሆነውን የነጋድራስነት ማዕረግም አገኙ። ነገር ግን በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የወዳጆቻቸው ዕድልም አብሮ ተለወጠ። ተሰማም የቀድሞ ሞገሳቸውን አጡ።

ነጋድራስ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1964 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በበኩላቸው ለኢትዮጵያና ለአፍሪካ እግር ኳስ ዕድገት በመድከም ስመ ጥር ሆነዋል። የተሰማ ሸክላዎች ከተቀረጹ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ገና ታትመው ለአዲስ ትውልድ ጆሮ በቅተዋል።

ሹመት በአንድ ቀን ይሰጣል፤ በአንድ ቀንም ይወሰዳል። ነጋድራስ ተሰማ የተላኩበት የአውቶሞቢል ሙያ ዛሬ የብዙዎች ሆኗል፤ ያገኙትም ሹመት አልፏል። በጊዜው እንደ ዋዛ የታየው ዘፈን ግን ድምፃቸውን ጠብቆ እስከ እኛ ዘመን አድርሶታል።