ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ሕክምና ተምረው ስለ መንግሥት ሀብት የጻፉ ሰው

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ስለ ነበሩ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ፤ እርሳቸውም ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ያለ አባት ቀሩ። በሰባት ዓመታቸው ገደማ ከእኩዮቻቸው ጋር ወደ ባሕር ወርደው፣ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

አንድ ቀን ልጆቹ በምጽዋ ወደብ የቆመ የባዕድ መርከብ ለማየት ፈቃድ አግኝተው ወጡ። ጉብኝቱ አልቆ ጓደኞቻቸው ሲወርዱ ገብረ ሕይወት ግን ተሸሽገው ቀሩ፤ መርከቡም ይዟቸው ሄደ። የመርከቡ አዛዥ ልጁን አውሮፓ አድርሶ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ሰጠ። ቤተ ሰቡም እንደ ልጅ አሳደጋቸው፤ የጀርመንን ቋንቋ አስተምሮም ለከፍተኛ ትምህርት አበቃቸው።

የሚማሩትን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ጊዜ በደረሰ ጊዜ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለመማር ገቡ። ይህ ምርጫ በዚያ ዘመን የሚያስገርም አልነበረም። የሐኪም ጥቅም ለመኳንንቱም ለባላገሩም በዓይን የሚታይ ነው፤ በሕንድና በስኮትላንድ የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በሙያቸው ክብር አግኝተው ነበር። ስለ ግብር፣ ስለ ጉምሩክና ስለ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ግን ለብዙ ሰው ትርጉም አልነበረውም፤ ሒሳብ የጸሐፊ፣ ንግድም የነጋዴ ሥራ ነው ይባል ነበርና። በአገር ውስጥ እንኳን ዩኒቨርሲቲ ይቅርና የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው ገና በ1901 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ዘንድ በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙ ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም. ገደማ ጀርመናዊው ሐኪም ዶክተር ሽታይንኩለር ሊያክሟቸው ሲመጡ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት ገብረ ሕይወት በመካከል ሆኑ። ነገሩ ግን ከመድኃኒት አልፎ የቤተ መንግሥት ጥርጣሬና ጠብ ሆነ፤ እርሳቸውም አገር ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ሕክምናን የተማረ ሰው ከንጉሥ አልጋ አጠገብ ሆኖ ሊፈይደው ያልቻለውን ነገር ብዙ ሳያዩ አልቀሩም።

በ1904 ዓ.ም. ገደማ አሥመራ የታተመው ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ጽሑፍ የሚናገረው ስለ በሽታ አይደለም። የንጉሡ ሀብት ከመንግሥቱ ሀብት እንዲለይ፣ ግብር ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሕግ እንዲጻፍ፣ ገንዘቡ አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ በአገር ውስጥ በየመንገዱ የሚጠይቀው ኬላ እንዲቀር ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለነጋዴ የቀረበ ነው፤ ቡናና ቆዳ የጫነ ሰው በየወንዙ ማዶ ሲከፍል ገበያ የሚደርሰው ትርፉ አልቆ ነበርና። በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ባለችው በሞያሌ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ኬላ፣ ዕቃ በሁለቱ መንግሥታት ሹማምንት በአንድ ስፍራ እንዲፈተሽ የታሰበ መሆኑ ሲታይ፣ ጥያቄው አርጅቶ እንዳልተጣለ ይታወቃል።

በኋላም የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ድሬዳዋ የሐዲዱ ዋና ጣቢያ ስለ ነበረች የሚወጣውና የሚገባው ዕቃ በፊታቸው ያልፍ ነበር። ጥሬ ዕቃ ወጥቶ የተሠራ ጨርቅና ብረት ይገባል። ከዚህም የመንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ዋናውን ሐሳብ አወጡ፦ ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም የሠራውን ዕቃ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ድካም ባገኘው ጥሬ ዕቃ ይለውጣል፤ ስለዚህ ንግዱ በውድ ፈቃድ ቢሆንም እኩል አይደለም። ድህነትን የአፈሩ ወይም የሰዉ ስንፍና አላደረጉትም፤ የዕውቀት ማነስ አደረጉት እንጂ። ጃፓንንም በምሳሌነት አቀረቡ። በዚህ ላይ እንደ ሐኪም ያስቡ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ከሚታየው ምልክት ወደ ምክንያቱ ይሄዳሉና። ይሁን እንጂ በጽሑፋቸው አንዳንድ ስፍራ በአገራቸው ሰው ላይ የሚሰጡት ፍርድ ከልክ በላይ መራራ ነው።

በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ዐረፉ። መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ ስለ ነበር በአዲስ አበባ የታተመው በ1916 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ወጣ፤ የሚያነቡትም ከሐኪሞች ይልቅ የኤኮኖሚ ትምህርት ተማሪዎች ናቸው።